ፒኤች 7.10 ስንል የትኛውን ሕፃን ማለታችን ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጤና ዓምዶች ላይ በወሊድ ጊዜ ስለታፈኑ ጨቅላ ሕፃናት ሲጻፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይመጣል፦ «የሕፃኑ ደም አሲዳማ ስለሆነ አንጎሉ ተጎዳ»። ሐሰት አይደለም፤ ግን መንገድ ላይ የቀረ አባባል ነው። ይህን ያነበበ አባት «ታዲያ አሲዱን የሚያረግብ መድኃኒት ለምን አይሰጡትም?» ብሎ ቢቆጣ አይፈረድበትም። የሚያሳስበን ይኸው ሐሳብ ሕክምና ክፍል ውስጥም መኖሩ ነው። የደም ጋዝ ምርመራ ውጤት ይመጣል፣ ዓይን ፒኤች ላይ (ዝቅ ባለ ቁጥር የደም አሲድ መብዛቱን በሚያሳየው ቁጥር ላይ) ያርፋል፣ ቁጥሩ ዝቅ ካለ እጅ ወደ ባይካርቦኔት፣ ማለትም አሲድ ወደሚያረግበው ጨው፣ ይዘረጋል። እኛ የምንለው ከፒኤች በፊት መታየት ያለበት ሌላ ቁጥር አለ፣ እሱም በደም ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ነው፤ የአንጎል ደም ሥር የሚያዳምጠው እሱን ነውና።

መጀመሪያ ስለ ደም ሥሩ። ወደ አንጎል የሚገባውን ደም የሚወስነው የትንንሾቹ ደም ቅዳዎች ጥበትና ስፋት ነው። በግድግዳቸው ያለው ጡንቻ የደም ግፊት ሲጨምር ይኮማተራል፣ ሲቀንስ ይላላል። ስለዚህ ግፊቱ በመጠኑ ቢወጣም ቢወርድም አንጎል የሚደርሰው ደም ብዙም አይለዋወጥም። ባለሙያዎች ይህን አውቶሬጉሌሽን ይሉታል። ጊዜው ደርሶ በጤና የተወለደ ሕፃን ይህ ችሎታ አለው፤ የሚሠራበት የግፊት ክልል ግን ከአዋቂው የጠበበ ነው፣ የሕፃኑ መደበኛ ግፊትም ከክልሉ የታችኛ ጠርዝ ብዙ አይርቅም።

ይኸው ጡንቻ ሌላም አለቃ አለው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። በደም ቅዳ ውስጥ ያለው የዚህ ጋዝ ግፊት በ1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በተለወጠ ቁጥር የአንጎል ደም ፍሰት ከ3 እስከ 4 በመቶ ያህል አብሮ ይለወጣል። ጋዙ ሲጨምር ፍሰቱ ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይቀንሳል። ያለ ጊዜያቸው ተወልደው በመሣሪያ በሚተነፍሱ ሕፃናት ይህ ምላሽ በመጀመሪያው ቀን ደከም ይላል፤ በሁለተኛው ቀን ይጠነክራል።

ለምን ጋዙን? ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር እንደሌለ ቆጥሮ ያልፋል። አልፎም ደም ሥሩን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ከውኃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን አዮን ይለቃል። ያ ፈሳሽ ከደም ጋር ሲነጻጸር ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ አሲዱን ተሸክሞ የሚያቀልለት የለውም፤ ፒኤቹ ቶሎ ይወርዳል። ይህ በጡንቻው ሕዋስ ላይ ፖታሲየም የሚወጣባቸውን በሮች ይከፍታል፣ በዚያው ሳቢያ ካልሲየም የሚገባባቸው ይዘጋሉ፣ ጡንቻው ይላላል፣ ደም ሥሩ ይሰፋል። በጨቅላ ሕፃን ፕሮስታግላንዲኖች የሚባሉ ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው ኬሚካሎችም በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ አላቸው፤ እነሱን የሚያግደው ኢንዶሜታሲን የተባለ መድኃኒት የተሰጠው ሕፃን የአንጎል ደም ፍሰቱ የሚቀንሰው ለዚህም ጭምር ነው። በደም ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን አዮን በበኩሉ አጥሩን በቀላሉ አያልፍም። ደሙ በላክቲክ አሲድ ሞልቶ ሳለ የአንጎል ደም ሥር ስለሱ የሚሰማው ጥቂት ነው። አንጎሉ ራሱ ኦክስጅን አጥቶ የሚያመነጨው ላክቲክ አሲድ ሌላ ነው፤ እሱ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ስለሆነ ደም ሥሩን ያሰፋል።

አሁን ሦስት ሕፃናትን ጎን ለጎን እናስተኛቸው። የሦስቱም ፒኤች 7.10 ነው። በአንድ ሊትር ደም ውስጥ 80 ናኖሞል ያህል ሃይድሮጂን አዮን አለ ማለት ነው፤ የአዋቂ መደበኛ መጠን 40 ነው። የፒኤች ሚዛን እንዲህ ነው፤ በ0.3 ብቻ ሲወርድ አሲዱ እጥፍ ይሆናል። ስሌቱ በወረቀት ጠርዝ ላይ የሚሠራ ነው፦ 24ን በካርቦን ዳይኦክሳይዱ አባዝቶ ለባይካርቦኔቱ ማካፈል። የመጀመሪያው ሕፃን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 80 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ባይካርቦኔቱ በሊትር 24 ሚሊሞል ነው። የሁለተኛው 40 እና 12። የሦስተኛው 25 እና 7.5። አካፍሉት፤ ሦስቱም ጋ 80 ይመጣል።

የመጀመሪያው ሕፃን ሳንባው ጋዙን እያስወጣ አይደለም። የአንጎሉ ደም ሥሮች በሰፊው ተከፍተዋል። መድኃኒቱ አየር ነው፤ ጭምብሉ ፊቱ ላይ በትክክል ተቀምጦ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እየታየ። ሁለተኛው ጋ ሳንባው ሥራውን እየሠራ ነው፤ አሲዱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ኦክስጅን ያጣ የሰውነት ክፍል፣ የደም መፍሰስ፣ የደከመ ልብ ወይም ኢንፌክሽን። በጋዙ በኩል የአንጎሉ ደም ሥር አልሰፋም፣ አልጠበበም። ሦስተኛው የሁለተኛው ታላቅ ወንድም ነው፤ አሲዱ የባሰ ሆኖ በፍጥነት በመተንፈስ ተሸፍኗል፣ ወይም እኛው በከረጢት ወይም በመሣሪያ ከልክ በላይ እያስተነፈስነው ነው። የአንጎሉ ደም ሥሮች ጠበዋል። ምላሻቸው ካልጠፋ በስተቀር ፍሰቱ ከሲሶ በላይ ሊቀንስ ይችላል፤ ያውም ታፍኖ በወጣ አንጎል ላይ። የመጀመሪያውንና የሦስተኛውን ሕፃን «ደሙ አሲዳማ ነው» ብሎ በአንድ ስም መጥራት፣ ጎርፍ ያጥለቀለቀውንና ድርቅ የመታውን መሬት «ውኃው ልክ አይደለም» ብሎ እንደ ማለፍ ነው።

ይህ ግራ መጋባት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ የፖሊዮ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ መተንፈስ ያቃታቸው ሕሙማን ደም ውስጥ ባይካርቦኔት ከፍ ብሎ ይገኝ ነበርና ሐኪሞቹ ደሙ ወደ አልካሊ ያደላ መሰላቸው። የሰመመን ሐኪሙ ብዮርን ኢብሰን ነገሩ የተጠራቀመ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን አየ፤ ፒኤች ሲለካ ደሙ በእርግጥም አሲዳማ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕሙማኑ በጉሮሯቸው በገባ ቱቦ በእጅ እንዲተነፍሱ ተደረገ። የላቦራቶሪ ኃላፊው ፖል አስትሩፕ የደም ጋዝን በቀላሉ የሚለካበትን ዘዴ ያበጀው በዚያው አጣዳፊ ጊዜ ግፊት ነው። ዛሬ በየአልጋው አጠገብ ያለው መሣሪያ የዚያ ልጅ ነው። መሣሪያው ሦስቱንም ቁጥር አትሞ እየሰጠን እኛ አንዱን ብቻ ማንበባችን ነው የሚገርመው።

ወደ ታፈነው ሕፃን እንመለስ። ሎው፣ ላሰንና ፍሪስ ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ በወሊድ ጊዜ በተጎዱ ሕፃናት ላይ ፍሰቱን ዜኖን 133 በተባለ ጨረር አመንጪ ጋዝ ለክተው አውቶሬጉሌሽኑ መጥፋቱን አሳዩ። የደም ግፊት ከፍ ሲል ፍሰቱ አብሮ ይወጣል፣ ዝቅ ሲል አብሮ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሌላ ሥራ የአጠፋፉን ቅደም ተከተል አሳየ። መካከለኛ ጉዳት ያገኛቸው ሕፃናት ለግፊት የሚሰጡት ምላሽ ጠፍቶ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጡት ቀርቶላቸው ነበር፤ ከባድ ጉዳት ያገኛቸው ሁለቱንም አጥተዋል። ለሥራችን ዋናው መካከለኛው ቡድን ነው። አሁንም የሚድን አንጎል ያለው፣ ደም ሥሩ ግፊትን መከላከል ያቃተው፣ ለጋዙ ግን ወዲያው የሚታዘዝ ሕፃን ነው። እኛ በቬንቲሌተሩ (በመተንፈሻ መሣሪያው) ላይ የምናዞራት እያንዳንዷ ቁልፍ በቀጥታ የአንጎሉን ደም ታዛለች።

ያለ ጊዜው በተወለደ ሕፃን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ከ32 ሳምንት በፊት በተወለደ ልጅ አንጎል ውስጥ፣ ከውስጠኛው የፈሳሽ ጉድጓድ ዳር፣ ግድግዳቸው ስስ የሆነ የደም ሥሮች የተጨናነቁበት ሥፍራ አለ። ጊዜው እየገፋ ሲሄድ ይህ ሥፍራ ይከስማል። የአንጎል ደም መፍሰስ በብዛት የሚደርሰው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ውስጥ ሲሆን መነሻውም እዚያ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ይበድላል። አንደኛ ደም ሥሩን አስፍቶ ፍሰቱን ይጨምራል። ሁለተኛ፣ አስቀድሞ የሰፋ ደም ሥር ግፊት ሲወርድ ከዚያ በላይ የሚሰፋበት አቅም የለውም፣ ግፊት ሲወጣም እንደልቡ አይኮማተርም፤ አውቶሬጉሌሽኑ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ በመሣሪያ ይተነፍሱ የነበሩ ከ1500 ግራም በታች የሚመዝኑ ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት፣ ጋዙ ከ45 እያለፈ በሄደ ቁጥር ፍሰቱ ይበልጥ ግፊቱን እየተከተለ መሄዱን አግኝቷል።

ይህን ስንል 50 የሆነ ሁሉ ወደ 40 ይጎተት እያልን አይደለም። የለጋ ሳንባን ከመሣሪያ ጉዳት ለመጠበቅ መጠነኛ ከፍታን መታገስ የታወቀ አሠራር ነው፣ ምክንያትም አለው። እኛን የሚያስፈራን ውዥዋዜው ነው፤ ጠዋት 65፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 32፣ ማታ 58። ደም ሥሩን የከበበው ፈሳሽ የራሱን ባይካርቦኔት በሰዓታት ውስጥ ስለሚያስተካክል ለብዙ ሰዓት ከፍ ብሎ የቆየ ጋዝ የማስፋት ጉልበቱ ይደክማል። እንዲህ የተላመደን ሕፃን በአንድ ጊዜ ወደ «ጤናማው» 40 ብናወርደው ለደም ሥሩ 40 እንደ እጥረት ይቆጠራል፣ ይጠባል። ስለዚህ ከፍ ያለን ጋዝ ማውረድ በእርከን ነው፤ መሣሪያውን ትንሽ ለውጦ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቆ፣ እንደገና መለካት። በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም ከትንፋሽ የሚለካ መከታተያ ካለ መርፌውንም ይቀንሳል።

ባይካርቦኔትን በተመለከተ አቋማችንን ሳንሸፍን እንናገር፤ ለታፈነ ሕፃን ፒኤች ማሳመሪያ ተደርጎ በፍጥነት መሰጠቱ ቢቀር ይሻላል። በማዋለጃ ክፍል በሚደረግ የነፍስ ማዳን ሥራም በተለመደው ቅደም ተከተል ውስጥ ቦታ የለውም። ባይካርቦኔት ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ውኃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አልሸሹም ዞር አሉ ነው፤ አሲዱ ስሙን ቀይሮ ጋዝ ሆነ እንጂ አልሄደም፣ የሚወጣው በሳንባ ብቻ ነው። 3 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በኪሎ 2 ሚሊሞል ቢሰጥ 6 ሚሊሞል ነው። ሁሉም ወደ ጋዝ ቢለወጥ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። ይህ ሕፃን በተፈጥሮው በደቂቃ የሚያመነጨው 18 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የ8 ደቂቃ ጋዝ በአንድ ግፊት ደሙ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ሳንባው ካልከፈተ ጋዙ ወደ አንጎል ይሻገራል፣ የተሰጠው ባይካርቦኔት ግን ከአጥሩ ወዲህ ይቀራል። የሚታተመው ወረቀት ላይ የደሙ ፒኤች ይሻሻላል፤ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አሲዱ ይብሳል፣ ደም ሥሩ ይሰፋል። በዚያ ላይ የጨው ጭነቱ አለ። 8.4 በመቶ የሆነው የባይካርቦኔት ፈሳሽ በሊትር 2000 ሚሊኦስሞል (የተሟሟ ነገር መለኪያ) ገደማ ነው፤ ደም 290 ያህል ነው። እኩል በንጹሕ ውኃ ተቀጥኖ 4.2 በመቶ ሲሆንም ወደ 1000 ነው። ያለ ጊዜው በተወለደ ልጅ ሥር ውስጥ ይህን በፍጥነት መግፋት ከአንጎል ደም መፍሰስ ጋር ተያይዞ ሲነገር የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ቦታ የለውም ግን አንልም። ኩላሊቱ ወይም አንጀቱ ባይካርቦኔት የሚያፈስበት ሕፃን የጎደለውን ማግኘት አለበት። የተለመደው ቀመር 0.3 ሲባዛ በክብደቱ፣ ሲባዛ በቤዝ ጉድለቱ (አሲድ የሚያረግበው ነገር በሊትር ስንት ሚሊሞል እንደጎደለ) ነው። 3 ኪሎ ሆኖ ጉድለቱ 16 ለሆነ ሕፃን 14.4 ሚሊሞል ይመጣል፤ የሚሰጠው ግማሹ፣ 7.2 ነው፣ በ4.2 በመቶው ፈሳሽ 14.4 ሚሊ ሊትር፣ ከ30 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ፣ ሕፃኑ በደንብ እየተነፈሰ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ። ከዚያ መልሶ መለካት እንጂ ቀሪውን ግማሽ በደመ ነፍስ መጨመር አይገባም።

ከባይካርቦኔቱ ይልቅ በዝምታ የሚጎዳው ግን የእጅ ከረጢቱ ነው። ለጨቅላ ሕፃን የሚሆነው አምቡ ባግ ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ አየር ይይዛል። 3 ኪሎ የሆነ ልጅ በአንድ ትንፋሽ የሚያስፈልገው ከ12 እስከ 18 ሚሊ ሊትር ነው። 15 ሚሊ ሊትር በደቂቃ 40 ጊዜ ብንሰጠው፣ በመተላለፊያው ቱቦ የሚቀረውን 6 ስንቀንስ፣ ሳንባው ጥልቀት የሚደርሰው 360 ሚሊ ሊትር ነው። የደነገጠ እጅ 24 ሚሊ ሊትር በደቂቃ 60 ጊዜ ቢሰጠው 1080 ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ። ጋዙ በዚያው ልክ ወደ ሲሶው ይወርዳል፣ ከ40 ወደ 13። ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን ያየ ሰው ልዩነቱን ላያስተውለው ይችላል፤ በከረጢቱ ላይ የጥቂት ጣት ግፊት ነውና። የታፈነ ሕፃን ደግሞ ሕዋሶቹ በደንብ ስለማይሠሩ የሚያመነጨው ጋዝ ራሱ ያነሰ ነው፤ ለሌላው ልክ የሆነው ትንፋሽ ለሱ ይበዛበታል። ደረቱ በትንሹ ከፍ ማለቱ ይበቃል። «ደረቱ በደንብ ተነፋ» ማለት ብዙ ጊዜ በዛ ማለት ነው።

የተጎዳውን አንጎል ለመጠበቅ ሲባል ሕፃኑን ማቀዝቀዝ ሲጨመርበት ስሌቱ እንደገና ይዛነፋል። 36 ሳምንትና ከዚያ በላይ ሆኖ የተወለደ፣ የአንጎል ጉዳት ምልክት የሚያሳይ ሕፃን፣ በመጀመሪያው ሰዓት የተወሰደ ደሙ ፒኤች 7.00 ወይም ከዚያ በታች፣ ወይም የቤዝ ጉድለቱ 16 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በ6 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ72 ሰዓት እስከ 33.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። አንድ ዲግሪ በወረደ ቁጥር ሰውነቱ የሚያመነጨው ጋዝ ከ5 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል፤ ቬንቲሌተሩ ግን ባለበት ከቆየ እያስወጣ ይቀጥላል። ሌላው ወጥመድ መለኪያው ነው። መሣሪያው ደሙን ወደ 37 ዲግሪ አሙቆ ይለካል። በ37 ዲግሪ 40 የተነበበው በ33.5 ዲግሪ ላይ ላለ ሕፃን በእውነቱ 34 ያህል ነው፣ ፒኤቹም በ0.05 ገደማ ከፍ ያለ ነው። ለሙቀቱ የተስተካከለውን ወይስ ያልተስተካከለውን ቁጥር እንከተል የሚለው ክርክር አለ፤ አንድ ክፍል ሁለቱን እያቀያየረ መጠቀሙ ግን ክርክር የለውም፣ ስሕተት ነው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ናሙናው እውነተኛ ከሆነ ነው። ሲሪንጁ ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ ጋዙን ያወርዳል፣ ኦክስጅኑን በውሸት ወደ ክፍሉ አየር ይስባል። ከሲሪንጁ ያልተገፋ የፈሳሽ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ትርፍ ደሙን ያቀጥናል፤ ጋዙም ባይካርቦኔቱም ያንሳል፣ የሌለ የቤዝ ጉድለት ይወለዳል። ናሙናው በክፍል ሙቀት ከ30 ደቂቃ በላይ ከተቀመጠ ሕዋሶቹ በሲሪንጁ ውስጥ መኖራቸውን ይቀጥላሉ፤ ስኳር ይወርዳል፣ ላክቴት (የላክቲክ አሲዱ መጠን) ይወጣል፣ ፒኤች ይወርዳል። ከተረከዝ ሲወሰድ እግሩ ካልሞቀ ወይም ደሙ እንዲመጣ ከተጨመቀ የሚለካው የተረከዙ ችግር እንጂ የሕፃኑ አይደለም፤ የመጀመሪያዋ ጠብታም ትጠረጋለች። ደም ዝውውሩ በደከመ ሕፃን፣ የተቀዘቀዘውንም ጨምሮ፣ ተረከዝ አይታመንም።

የእትብት ደም ለብቻው አንድ አንቀጽ ይገባዋል። ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን እትብት በሁለት በኩል ተቆንጥጦ ይቆረጣል፤ በውስጡ ያለው ደም እስከ አንድ ሰዓት አያሳስትም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ልጁ ይታያል። ናሙናው ከቀጭኑ ደም ቅዳም ከወፍራሙ ደም መልስም ይወሰዳል። ከሕፃኑ የሚመጣው የደም ቅዳው ነው፤ በደህና ጊዜ ፒኤቹ 7.27 አካባቢ ነው፣ የደም መልሱ 7.35 አካባቢ። የሁለቱ ልዩነት ከ0.02 በታች ከሆነ መርፌው ሁለቴም ከአንድ ቦታ ቀድቷል። ብዙ ጊዜ ያ ቦታ ደም መልሱ ነው፤ ቁጥሩ ያማረ ሆኖ ልጁ የማያምረውም ስለዚህ ይሆናል።

ለወላጆች አንድ ነገር እንጨምር። ይህ አሲድ እናቲቱ በእርግዝና ጊዜ ከበላችውና ከጠጣችው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ሐኪሙ «አሲዱ ከፍ ብሏል» ሲል «ከጋዙ ነው ወይስ ከላክቴቱ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ጋዙ ከሆነ መልሱ በደቂቃዎች ውስጥ ሊስተካከል ይችላል። ላክቴቱ ከሆነ ደም ዝውውሩ ሲመለስ በሰዓታት ውስጥ እየወረደ ይሄዳል፤ አወራረዱም ከመጀመሪያው ቁጥር ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ለሥራ ባልደረቦቻችን ደግሞ ጥያቄያችን ስለ አንዲት ወረቀት ነው። በዙር ላይ የደም ጋዝ ሲነገር «ፒኤች 7.10» ተብሎ አይቁም። ከየት እንደተቀዳ፣ በስንት ሰዓት፣ የሕፃኑ ሙቀት ስንት እንደነበር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ ከዚያ የቤዝ ጉድለቱና ላክቴቱ፣ አጠገቡም ያለፈው ውጤት ይጻፍ። ፒኤቹ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና የምንሠራ ባለሙያዎች